«ሲስተም የለም» መልስ አይደለም

ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ነው የምጽፈው። የቸኮላችሁ ሴቭ አድርጉትና ማታ ተመለሱበት። ገንዘቤ እስኪመለስና ንዴቴ እስኪበርድ ጠብቄ ነበር። ገንዘቡ ተመልሷል። ንዴቱ ግን አልበረደም።

ደሞዝ በገባ ማግስት፣ ማታ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ደወለልኝ። እናቱን ሆስፒታል አስተኝቷል። መድኃኒቱ ከውጭ ይገዛ ተብሏል። የእሱ ባንክ አፕ ደግሞ ጭራሽ አልከፍት ብሎታል። «አንተ ጋ ካለ ክፈልልኝ፣ ነገ እሰጥሃለሁ» አለኝ። ሄድኩ። ፋርማሲው ውስጥ ቆመን 4,200 ብር ላክሁ። ክቧ ዞረች፣ ዞረች፣ ዞረች፤ መጨረሻ ላይ «አልተሳካም፣ እባክዎ እንደገና ይሞክሩ» አለኝ። እንደገና ሞከርኩ። ይሄኔ ሁለት መልእክት ተከታትሎ ገባ፦ 4,200 ብር ተቀንሷል፤ 4,200 ብር ተቀንሷል። የፋርማሲዋ ልጅ ስልኳን አሳየችን። እሷ ጋ የደረሰ ሳንቲም የለም።

8,400 ብር ከእኔ ወጥቷል፣ የትም አልገባም። ለአስተማሪ 8,400 ብር ምን ማለት እንደሆነ መቼም አልነግራችሁም። ልጅቷ እግዜር ይስጣት፣ መታወቂያዬን ይዛ መድኃኒቱን ሰጠችን። ባታምነን ኖሮ ያቺ እናት ሌሊቱን እንዴት ታድር ነበር? ይሄን ጥያቄ ለባንኩ ትቼዋለሁ።

ጠዋት ቅርንጫፍ ሄድኩ። ያስተናገደችኝ ልጅ በጣም ትሁት ናት፣ ጥፋቱም የእሷ አይደለም። «ወንድሜ፣ ሲስተም አስቸግሮ ነው፣ ራሱ ይመለሳል፣ ትንሽ ይጠብቁ» አለችኝ። አንደኛው በዘጠነኛው ቀን፣ ሌላኛው በአሥራ ሁለተኛው ቀን ተመለሰ። በቃ። ለምን እንደሆነ የነገረኝ የለም።

የባንኩን ስም አልጽፍም። ብጽፈው ግማሻችሁ «እኔ እንኳን ያን ባንክ አልጠቀምም» ብላችሁ ትገላገላላችሁ። ጉዳዩ የአንድ ባንክ አይደለም።

አንድ ነገር ልብ በሉ። «ሲስተም የለም» የምንለው «ዝናብ የለም» በምንልበት ድምፅ ነው። ከሰማይ የወረደ፣ ማንም ያላደረገው፣ ማንም የማይጠየቅበት ነገር ይመስል። እኔ አይሲቲ ነው የማስተምረው። ዲፕሎማ ነው ያለኝ፣ ኢንጂነር ነኝ አልልም። ነገር ግን ለአሥራ አንደኛ ክፍል ልጅ በጠመኔ የሚገለጽ ነገር ለባንክ አመራር ሊሰወር አይችልም። ሲስተም ሰው የሠራው ነገር ነው። ሲወድቅም የሚወድቀው ሰው በወሰነው፣ ወይም ሳይወስን ባለፈው ቦታ ላይ ነው።

እስቲ ከመጀመሪያው ልጀምር።

ትልቅ የሠርግ ድግስ አስቡ። ድንኳኑ ውስጥ አሳላፊዎች አሉ፤ እንግዳው የሚያየው እነሱን ብቻ ነው። ከድንኳኑ ጀርባ ወጥ ቤቱ አለ፤ ምን፣ ለማን፣ ምን ያህል እንደሚወጣ የሚወሰነው እዚያ ነው። ከሁሉም ኋላ ጓዳው አለ። በርበሬው፣ ቅቤው፣ ሥጋው ሁሉ እዚያ ነው፣ ቁልፉን የያዙት ደግሞ አንዲት እናት ናቸው። የባንክ ሶፍትዌርም እንዲሁ ነው። የፊተኛው እርከን ስልካችሁ ላይ ያለው አፕ፣ ኤቲኤሙ፣ የቅርንጫፉ ኮምፒውተር ነው። መካከለኛው እርከን የአሠራሩ ሕግ ያለበት ነው፦ ሂሳቡ ላይ በቂ ብር አለ ወይ? የቀኑ ገደብ አልፏል ወይ? የአገልግሎት ክፍያው ስንት ነው? የኋለኛው ዳታቤዙ ነው፤ የእያንዳንዳችን ሂሳብ የሰፈረበት መዝገብ።

እንዲህ የተከፋፈለው በምክንያት ነው። እንግዳ ጓዳ አይገባም፤ የእናንተም ስልክ መዝገቡን በቀጥታ መንካት የለበትም። አሳላፊ ሲያንስ አሳላፊ ይጨመራል፣ ወጥ ቤቱ ሳይነካ። አንዱ ወጥ ሠሪ ቢታመም ሌላው ይተካዋል፣ ድግሱ ሳይቆም። ይሄ ባለብዙ እርከን አሠራር ይባላል፤ አዲስ ነገር አይደለም፣ ከእኔ ተማሪዎች ዕድሜ በላይ የቆየ ነገር ነው።

እንግዲህ መካከለኛው እርከን ላይ አሥር ሰርቨር ካለ፣ የመጣውን ሰው ማን ያከፋፍላል? ሎድ ባላንሰር የሚባለው ነው። ታክሲ ተራ ያለውን ተራ አስከባሪ አስቡት። ሰልፉን እያየ «አንተ እዚህ ግባ፣ አንቺ እዚያ» ይላል። ጎበዝ ተራ አስከባሪ ጎማው የተነፈሰ ታክሲ ላይ ሰው አይጭንም። ሎድ ባላንሰሩም በየጥቂት ሰከንዱ እያንዳንዱን ሰርቨር «አለህ?» እያለ መጠየቅ አለበት።

ነገሩ የሚበላሸው ግን እዚህ ላይ ነው። አንድ ሰርቨር ራሱ ደህና ሆኖ ከዳታቤዙ ጋር የሚያገናኘው መስመር ቢቋረጥስ? «አለህ?» ሲባል «አለሁ» ይላል። ሰው ሲላክለት ግን በቅጽበት «አልተሳካም» ብሎ ይመልሳል። ቶሎ ስለሚመልስ ደግሞ ምንጊዜም ሥራ ፈቶ የተቀመጠ ይመስላል። ሎድ ባላንሰሩ «ሥራ ለቀለለው ላክ» ተብሎ ከተዋቀረ ሰውን ሁሉ ወደዚያ ወደ በሽተኛው ይነዳል። አንድ ሰርቨር ታሞ ዘጠኙ ጤነኛ ሆነው ሳለ አገሩ ሁሉ «አልተሳካም» ያነባል ማለት ነው። መፍትሔው ውድ አይደለም። ጥያቄውን «አለህ?» ከሚል «ከመዝገቡ አንድ ነገር አንብበህ አሳየኝ» ወደሚል መቀየር ነው። ቁም ነገሩ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ አስቦበታል ወይ የሚለው ነው።

አሁን ወደምንሰማቸው ሰበቦች ልምጣ።

አንደኛ፦ «ሰው በዝቶ ነው።»

ይሄንን ስሰማ ነው ደሜ የሚፈላው። ደሞዝ መቼ እንደሚገባ ባንኩ አያውቅም? ገናና ፋሲካ፣ እንቁጣጣሽና ኢድ ድንገት ነው የሚመጡት? የትምህርት ቤት ምዝገባ መቼ እንደሆነ የማያውቅ ባንክ አለ? ሰው የሚበዛበት ቀን ካላንደር ላይ ተጽፎ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ካላንደሩን እኮ አሳትመው የሚያድሉን እነሱ ናቸው!

ለምን ልክ በዚያ ቀን እንደሚወድቅ ደግሞ ሂሳቡን ላሳያችሁ። የሰልፍ ሂሳብ ይባላል፤ ኤርላንግ የሚባል ዴንማርካዊ በፈረንጆቹ 1909 በስልክ ጥሪዎች ላይ የመጀመሪያ ጥናቱን ካሳተመ ጀምሮ የታወቀ ነው። አንድ ሰርቨር አንዱን ጥያቄ በአማካይ በ1 ሰከንድ ይጨርሳል እንበል። ሰውም እንደፈለገው፣ ሳይቀጣጠር ይመጣል። ሰርቨሩ ከጊዜው 50 በመቶውን ብቻ ሲሠራ አንድ ሰው ገብቶ እስኪወጣ በአማካይ 2 ሰከንድ ይፈጅበታል። 80 በመቶ ሲሆን 5 ሰከንድ። 90 በመቶ ሲሆን 10። 95 በመቶ ሲሆን 20። 99 በመቶ ሲሆን 100 ሰከንድ። አያችሁ? ከ90 ወደ 99 የሰው ብዛት የጨመረው በአንድ አሥረኛ ነው፣ ጥበቃው ግን አሥር እጥፍ ሆነ። ስለዚህ «በአዘቦት ቀን እኮ ደህና ነው የሚሠራው» ማለት ማስረጃ አይደለም። በአዘቦት ቀን 85 በመቶ ላይ የሚኖር ሲስተም በደሞዝ ቀን ገደል ጫፍ ላይ የቆመ ነው።

ሰዉ ደግሞ ዝም ብሎ አይጠብቅም። እኔ እንዳደረግሁት እንደገና ይጫናል። ሁሉም ሦስት ሦስት ጊዜ ከተጫነ ሸክሙ ሦስት እጥፍ ይሆናል። «እባክዎ እንደገና ይሞክሩ» የሚለውን የጻፈው ማን ነው? ራሱ ባንኩ! በእሳት ላይ ጋዝ የሚያርከፈክፍ መልእክት ነው።

ሁለተኛ፦ «አዳዲስ ሰርቨሮችን እየገዛን ነው።»

ደስ ይላል። ግን ወደ ድግሱ እንመለስ። የጓዳውን ቁልፍ የያዙት አንዲት እናት ከሆኑ፣ ሃያ አሳላፊ ብትጨምሩ ምን ይጠቅማል? ሃያውም ጓዳው በር ላይ ይሰለፋሉ። እንዲያውም ይብሳል፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ስለሚጮኹባቸው እናትየው የቱን ይስሙ? በብዙ የገንዘብ ሶፍትዌሮች ላይ ጠባቡ በር መካከለኛው እርከን ሳይሆን ዳታቤዙ ነው። ሰርቨር በጨመራችሁ ቁጥር ወደ ዳታቤዙ የሚከፈተው መስመር ይበዛል፣ ዳታቤዙ ቶሎ ይታፈናል።

እውነቱን ለመናገር እዚህ ላይ የባንክ ሥራ ከሌላው ይከብዳል። አንድ ፎቶ ፌስቡክ ላይ ለአንዱ ቀድሞ ለሌላው ዘግይቶ ቢታይ ማንም አይሞትም። ሂሳብ ግን አንድ ቦታ ላይ 5,000፣ ሌላ ቦታ ላይ 3,000 ሊሆን አይችልም። ከአንዱ ተቀንሶ ለሌላው ይጨመራል፤ ወይ ሁለቱም ይሆናሉ፣ ወይ አንዱም አይሆንም። ስለዚህ መዝገቡን እንደ አሳላፊ ዝም ብሎ ማባዛት አይቻልም። ይሄን አምናለሁ።

ግን ጓዳው በር ላይ ከሚሰለፈው ስንቱ ነው በእውነት ገንዘብ የሚያንቀሳቅሰው? ብዙው እኮ «ደሞዝ ገባ ወይ?» ብሎ ሂሳቡን የሚያይ ነው። ለማየት ብቻ የመጣው ከዋናው መዝገብ በየሰከንዱ ከሚገለበጥ ቅጂ ላይ ማየት ይችላል። የኃላፊዎች ሪፖርት ከዚያው ቅጂ ላይ ሊወጣ ይችላል። የሺህ ሠራተኛ ደሞዝ በአንድ ጊዜ የሚያስገባው ፋይል እኩለ ሌሊት ላይ ሊሠራ ይችላል፣ ሰው ፋርማሲ ውስጥ በቆመበት ሰዓት ሳይሆን። ይሄ ዶላር አይፈልግም። ቅደም ተከተል ማውጣት ነው የሚፈልገው። ቁልፍ የያዙትን እናት ለእውነተኛው ሥራ ነፃ ማድረግ ነው።

ሦስተኛ፦ «አልተሳካም።»

ይሄኛው ሰበብ ብቻ አይደለም፣ ውሸት ነው። በእኔ ላይ የሆነውን ላስረዳ፤ ባንኩ አልነገረኝም፣ ግን የነገሩ ባሕርይ ይሄ ነው። አፑ ጥያቄዬን ላከ። ሲስተሙ በመጨናነቁ መልስ ዘገየ። አፑ የሚጠብቅበት ጊዜ ገደብ አለው፤ ገደቡ ሲያልፍ ተስፋ ቆርጦ «አልተሳካም» አለ። ወዲያ ማዶ ግን ሥራው አልቆመም፤ ዘግይቶም ቢሆን ብሬን ቀነሰ። አፑ እንዳልተሳካ አላወቀም። የሆነውን ነው ያላወቀው። ሐቀኛ ቢሆን ኖሮ መልእክቱ «የክፍያውን ውጤት እያጣራን ነው፣ እባክዎ ድጋሚ አይላኩ» ነበር የሚለው። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ያቺ ዓረፍተ ነገር ብትኖር ኖሮ ሁለተኛው 4,200 ብር አይሄድም ነበር።

እንደገና ብልክ እንኳ ሁለቴ መቀነስ አልነበረበትም። ተማሪ አንዱን የቤት ሥራ ሁለት ጊዜ ቢያስገባ ሁለት ማርክ አልሰጠውም፤ ስሙን አያለሁ፣ «ይሄ እኮ ተቀብዬዋለሁ» እላለሁ። ለእያንዳንዱ ክፍያ ስልኩ ላይ ገና ሲነሳ አንድ የራሱ ቁጥር ይሰጠዋል። ያው ቁጥር ሁለተኛ ከመጣ መካከለኛው እርከን የመጀመሪያውን ውጤት ይናገራል እንጂ ደግሞ አይቀንስም። ይሄ በገንዘብ ሶፍትዌር ውስጥ ሀሁ ነው። በተለይ ሎድ ባላንሰር ባለበት ግዴታ ነው፤ ምክንያቱም ሁለተኛው ሙከራዬ ሌላ ሰርቨር ላይ ሊያርፍ ይችላል፣ ያኛው ሰርቨር ደግሞ የመጀመሪያውን አላየም። ቁጥሩ ሁሉም በሚያዩት መዝገብ ላይ ካልተጻፈ እያንዳንዱ ሰርቨር «የመጀመሪያው እኔ ነኝ» ብሎ ይቀንሳል።

አራተኛ፦ «አገልግሎታችን 99 በመቶ አስተማማኝ ነው።»

99 ትልቅ ማርክ ይመስላል። በዓመት ውስጥ 1 በመቶ ግን 3 ቀን ከ15 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ደግሞ ልብ በሉ፦ ክፍያው እንዲያልፍ ሦስቱም እርከኖች መሥራት አለባቸው። እያንዳንዱ 99 በመቶ ቢሆን ሦስቱ ሲባዙ 97 በመቶ ብቻ ነው የሚሆነው። ይሄ በዓመት ወደ 11 ቀን የሚጠጋ መዘጋት ነው። አንዱን እርከን ግን በሁለት ብታቆሙት፣ አንዱ ሲወድቅ ሌላው እንዲይዝ፣ ሁለቱም በአንድ ጊዜ የሚወድቁበት ዕድል ከመቶ አንድ ሲባዛ ከመቶ አንድ ነው፤ ያ እርከን 99.99 በመቶ ይሆናል፣ በዓመት 53 ደቂቃ ገደማ። ይሄ የሚሠራው ግን ሁለቱ በእውነት የየራሳቸው ሲሆኑ ነው። ሁለቱም አንድ የመብራት መስመር ላይ፣ አንድ ጄኔሬተር ላይ፣ አንድ የፋይበር ገመድ ላይ ከተንጠለጠሉ ሁለት አይደሉም፤ አንድ ናቸው፣ ዋጋቸው ብቻ ነው ሁለት የሆነው። ሎድ ባላንሰሩ ራሱ አንድ ብቻ ከሆነም እንደዚያው ነው። ተራ አስከባሪው ሲታመም መናኸሪያው ይዘጋል ማለት ነው።

«ይሄ የእኛ አገር ችግር ብቻ ነው» ለሚሉ ደግሞ፣ አይደለም። የውጭዎቹም ወድቀዋል። ልዩነቱ ከወደቁ በኋላ በሚሆነው ላይ ነው።

ናይት ካፒታል የሚባል የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ድርጅት ነበር። በፈረንጆቹ ነሐሴ 1 ቀን 2012 አዲስ ሶፍትዌር በሥራ ላይ አዋለ። ትእዛዝ የሚልኩት ሰርቨሮች ስምንት ነበሩ። አዲሱ ኮድ ሰባቱ ላይ ተጫነ፣ ስምንተኛው ተረሳ። ስምንተኛው ላይ ለዓመታት ያልተሠራበት አሮጌ ኮድ ነቃና ያለማቋረጥ መግዛትና መሸጥ ጀመረ። በ45 ደቂቃ ውስጥ ከ460 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከሰሩ። ገበያው ከመከፈቱ በፊት ሲስተሙ ራሱ 97 የማስጠንቀቂያ ኢሜይሎች ልኮ ነበር፤ ያያቸው የለም። የባሰው ደግሞ፣ ለማስተካከል ሲጣደፉ አዲሱን ኮድ ከሰባቱ ጤነኞች ላይ አነሱትና በሽታው ወደ ስምንቱም ተዛመተ። የአሜሪካው ተቆጣጣሪ መርምሮ 12 ሚሊዮን ዶላር ቀጣ። እኔ ይሄን ሁሉ የማውቀው ተቆጣጣሪው የምርመራውን ውጤት ለሕዝብ ስላወጣው ነው።

እንግሊዝ አገር ቲኤስቢ ባንክ በሚያዝያ 2018 ከ5 ሚሊዮን በላይ ደንበኞችን ወደ አዲስ ሲስተም አዛወረ። መረጃው ራሱ በደህና ተዛወረ፤ የተሸከመው ሲስተም ግን ተንኮታኮተ። እስከ 1.9 ሚሊዮን ሰው ሂሳቡን መክፈት አቃተው። ገለልተኛ ምርመራ ሲደረግ ምን ተገኘ መሰላችሁ? ሸክሙን የሚካፈሉ ሁለት ዳታ ሴንተሮች ነበሩ፣ የአቅም ሙከራ የተደረገው ግን በአንዱ ላይ ብቻ ነው። ዋና ሥራ አስፈጻሚው በዚያው ዓመት ለቀቁ። ባንኩ 48.65 ሚሊዮን ፓውንድ ተቀጣ፣ ለደንበኞች ደግሞ ከ32 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ካሳ ከፈለ። የቀድሞው የአይቲ ኃላፊም በግላቸው ከ81,000 ፓውንድ በላይ ተቀጡ። በግላቸው ነው ያልኩት፣ ልብ በሉ።

ሲንጋፖር ዲቢኤስ ባንክ በ2023 ደጋግሞ ሲቋረጥ ተቆጣጣሪው አስፈላጊ ያልሆነ ማንኛውንም የአይቲ ለውጥ ለስድስት ወር እንዳያደርግ ከለከለው። ባንኩም የዋና ሥራ አስፈጻሚውን የዓመቱን ተለዋዋጭ ክፍያ በ30 በመቶ ቀነሰ።

ወደ እኛ እንምጣ። መጋቢት 2016 ላይ በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የሆነውን ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። በአንድ ሌሊት ሰው ከሂሳቡ በላይ ማውጣት ቻለ፤ ብዙዎቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ። ባንኩ ወደ 490,000 የሚጠጉ ግብይቶች እንደተፈጸሙና ከ801 ሚሊዮን ብር በላይ ያለአግባብ እንደተወሰደ አሳወቀ። ምክንያቱም የሳይበር ጥቃት ሳይሆን በሲስተሙ ላይ ከተደረገ ሥራ ጋር የተያያዘ መሆኑ ተነገረ። ያን ሰሞን እኔም እዚሁ ገጽ ላይ «የእናንተ ያልሆነውን መልሱ» ብዬ ጽፌያለሁ፣ ዛሬም እላለሁ። ካስተማርኳቸው አንዳንዶቹም ነበሩበት፤ ደውዬ ተቆጥቻቸዋለሁ።

ግን እስቲ አስቡት። ለሳምንታት የተወራው ስለ ምን ነበር? ስለ ተማሪ ሥነ ምግባር፣ ስለ ትውልዱ፣ ስለ ወላጅ አስተዳደግ። የልጆቹ ስምና ፎቶ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። ሥራው በመሥሪያ ቤት ሰዎች ላይ ከመዋሉ በፊት በየትኛው እርከን ላይ ምን ሙከራ ተደርጎ ነበር? ማን ፈቀደ? በቂ ብር መኖሩን የሚያረጋግጠው ሕግ በየትኛው በር ተዘለለ? ይሄንን ከእኔና ከእናንተ ማን ያውቃል? የአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ልጅ ፎቶ ተለጠፈ፤ የምርመራው ዝርዝር ግን እንደ ናይት ካፒታሉ ሁላችን በምናነበው መልኩ አልደረሰንም። ልጁ መጠየቁ ትክክል ነው። የሚጠየቀው እሱ ብቻ ሲሆን ነው ፍርዱ የሚንጋደደው።

አሁን «አንተ አስተማሪ ነህ፣ ምን አገባህ?» የሚለኝ አይጠፋም። ያገባኛል። ነዳጅ በዲጂታል ክፈሉ ተብለናል። ደሞዛችን በባንክ ነው፣ መብራቱ፣ ውሃው፣ የልጆች ትምህርት ክፍያው በስልክ ነው። ጥሬ ብር ከኪሳችን እንዲወጣ ስንታዘዝ ሲስተም የባንኩ የውስጥ ጉዳይ መሆኑ አበቃ። እንደ መንገድና እንደ ድልድይ የሕዝብ ሆነ። ድልድይ ሲሰበር «ድልድይ የለም፣ ትንሽ ይጠብቁ» ተብሎ አይታለፍም።

«መብራት ይጠፋል፣ ፋይበር ይቆረጣል» የሚለውንም አውቃለሁ። እውነት ነው። ለዚህ እኮ ነው ሁለት ቦታ፣ ሁለት መስመር የሚያስፈልገው። መብራት እንደሚጠፋ በምናውቅበት አገር መብራት እንደማይጠፋ አድርጎ መሥራት ሰበብ ሳይሆን ጥፋት ነው። «የውጭ ምንዛሬ» ለሚሉም፦ ኤችኤ ፕሮክሲና ኤንጂንኤክስ የሚባሉት ሎድ ባላንሰሮች በነፃ የሚገኙ ናቸው፤ የእኔ ተማሪዎች በአሮጌ ኮምፒውተር ላይ ጭነው ተለማምደውባቸዋል። «ሶፍትዌሩ ከውጭ የተገዛ ነው» ለሚሉ ደግሞ፦ ምጣዱን ከገበያ ብትገዙም እንጀራው ቢያር የሚጠየቀው ጋጋሪው ነው። ስንት ሰርቨር እንደሚቆም፣ ምን እንደሚሞከር፣ መቼ ለውጥ እንደሚደረግ የሚወስነው ባንኩ እንጂ ሻጩ አይደለም።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም።

1. ብሔራዊ ባንክ የእያንዳንዱ ባንክና የሞባይል ገንዘብ አገልግሎት በወር ስንት ሰዓት እንደተቋረጠ በስም ያሳትም። ትርፋቸውን በየዓመቱ በጋዜጣ እናነባለን፤ መቋረጣቸውንም እናንብብ።

2. ገንዘብ ተቀንሶ ካልደረሰ የሚመለስበት ሰዓት በመመሪያ ይወሰን፤ ካለፈ ባንኩ ቅጣት ለደንበኛው ይክፈል። ያኔ ታያላችሁ እንዴት እንደሚፈጥን።

3. ከደሞዝ ሳምንትና ከበዓል ዋዜማ በፊት የአቅም ሙከራ ይደረግ፤ በእነዚያ ቀናት ሲስተም መነካካት ይከልከል።

4. «አልተሳካም» የሚለው መልእክት በእርግጥ ላልተሳካ ብቻ ይሁን።

5. ትልቅ መቋረጥ ሲያጋጥም ምክንያቱ ግልጽ በሆነ አማርኛ በጽሑፍ ይውጣ። «በተፈጠረው መጉላላት ይቅርታ እንጠይቃለን» ምክንያት አይደለም።

በመጨረሻም እናንተን፣ ልጆቼን ላናግር። ከእናንተ መሃል ዛሬ በባንኮች አይቲ ክፍል ውስጥ የምትሠሩ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ አንዳንዶቻችሁ ከእኔ በላይ ተምራችኋል፣ ኮርቼባችኋለሁ። ይሄን ጽሑፍ አንብባችሁ «ቲቸር፣ እኛ ብለን ነበር፣ የሚሰማን አጣን» እንደምትሉኝ እገምታለሁ። አምናችኋለሁ። ሌሊት ስልክ የሚደወልላችሁ፣ እንቅልፍ የምታጡት እናንተ ናችሁ። ግን አንድ ነገር ልለምናችሁ፦ ያላችሁትን በጽሑፍ በሉት። «ይሄ ሰርቨር በደሞዝ ቀን አይችልም፣ ቁጥሩ ይኸው» ብላችሁ ቀን ጽፋችሁ ለአለቃችሁ ስጡት፣ ቅጂም አስቀሩ። በቃል የተነገረ ነገር ሲስተሙ በወደቀ ቀን ይጠፋል። ክፍል ውስጥ ስንት ጊዜ ነው «ሥራውን አሳዩ» ያልኳችሁ? መልሱ ትክክል ቢሆንም መንገዱ ካልተጻፈ ማርክ የለም።

የባልደረባዬ እናት ደህና ናቸው፣ ተመስገን። ዳኑ በመድኃኒቱና በአንዲት የፋርማሲ ልጅ እምነት። ያን ማታ ያልወደቀው ሲስተም እሷ ብቻ ነበረች።

የእናንተንም ገጠመኝ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፤ የባንክና የሰው ስም ሳትጠሩ፣ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ለመመለስ የፈጀውን ቀን ብቻ። ሰብስቤ አንድ ሰንጠረዥ ሠርቼ መልሼ እለጥፈዋለሁ። እነሱ ካልቆጠሩልን እኛ እንቁጠር።